አሰብ ማታ ማታ፦ የካምቦ ሱዳንን የቡና ቤት መንገድ የሚያስታውስ አለ?

ሰላም የአሰብ ልጆች፣ ሰላም የአሰብ ልጅ ያልሆናችሁም።

ጥያቄዬ ትንሽ ናት ግን እኔና ታናሽ ወንድሜን ከ25 ዓመት በላይ ስታጨቃጭቀን ኖራለች። ያደግነው አሰብ፣ ካምቦ ሱዳን የሚባለው ሰፈር ነው። አባታችን ወደብ ላይ ከመርከብ የሚወርደውን ጆንያ ሲቆጥር ነው የሚውለው (ፈረቃው ከሆነም የሚያድረው)። በ1990 ክረምት ስንወጣ እኔ 13 እሱ 10 ዓመቱ ነበር። ቀኑን ብትጠይቁኝ ብዙም አላስታውስ፣ የሐምሌ ቀን አሰብ ላይ ምኑ ይታወሳል፣ ሰው ሁሉ በር ዘግቶ ወለሉ ላይ ውሃ ደፍቶ ተጋድሟል፣ ውሻው ራሱ ጥላውን ይዞ ለመጮህ ይሰንፋል። ማታው ግን ይኸው ዓይኔ ላይ ነው። ጀንበር ጥልቅ ስትል አልጋ ሁሉ ደጅ ይወጣል፣ ወንዱ ሽርጡን አገልድሞ ይወጣል፣ በረዶ ሻጩ ጋሪውን እየገፋ ያልፋል፣ ከዛ መኪኖቹ ከሚቆሙበት ሜዳ ጀምሮ ያለው የቡና ቤት ረድፍ አንድ በአንድ መብራቱን ያበራል፣ እያንዳንዱ ቤት የራሱን ቴፕ እስከ መጨረሻው ይከፍታል፣ መንገዱ መሃል ከቆምክ አምስት ዘፈን በአንዴ ነው የምትሰማው።

ጥጉ ላይ በሯ ላይ አረንጓዴ አምፖል ያላት ቤት ነበረች። ዳቦ ቤቱ ከሷ ፊት ለፊት ነበር ባይ ነኝ፣ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ አባቴ ከፈረቃ ሲመለስ ትኩስ ዳቦ ግዛ ብሎ ይልከኝ ስለነበር ልረሳው አልችልም። ወንድሜ ደግሞ አምፖሉ አረንጓዴ ሳይሆን ቀይ ነው፣ ዳቦ ቤቱም ከሷ ጋር ባንድ ወገን ነው ብሎ ድርቅ ይላል። ማን ነው ትክክል? ደግሞስ ቤቶቹ የእውነት እስኪነጋ ክፍት ነበሩ ወይስ የልጅ ዓይን ነው?

ተጨማሪ፦ መልሱ 50 አለፈ፣ አዲስ የሚገባ ሰው ሁሉንም ላንብ ካለ ይነጋበታልና እኔው በየቁጥሩ አሳጥሬ እዚሁ ከታች ላስቀምጥላችሁ። የማንንም ቃል እንዳለ አልገለበጥኩም፣ ያዛባሁት ካለ ውረዱና አርሙኝ።

1ኛ። የመጀመሪያውን መልስ የጻፉልን ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው፣ ጋሼ ነው የምላቸው። ኤንትሬ ከነተሳቢው ከ1968 ጀምሮ ነድተዋል። ከአዲስ አበባ አሰብ 850 ኪሎ ሜትር የሚያልፍ መንገድ እንደሆነ፣ ኮምቦልቻን ለቀህ ባቲን ከወረድክ በኋላ አየሩ እንደ ምድጃ አፍ ፊትህ ላይ እንደሚከፈት፣ ከሚሌ በታች ያለውን በረሃ ቀን መንዳት ጎማ ማፈንዳት ስለሆነ ሌሊት ሌሊት እንደሚሄዱ፣ ሎግያ፣ ሰርዶ፣ ዲችኦቶ፣ ኤሊዳር፣ ማንዳ፣ ቡሬ እያሉ በተራ ቆጠሩልን። ቡሬን አልፈው የባሕሩ ሽታ ሲመጣ ረዳታቸው ሸሚዙን ይቀይር ነበር አሉ። ወደብ ደርሰህ ደግሞ ወዲያው አትጫንም፣ ተራ ትይዛለህ፣ ሳምንትም ሊሆን ይችላል። ሳምንት ሙሉ ያ ሙቀት ውስጥ ጋቢና ላይ ማን ይተኛል? ስለዚህ አዎ፣ ቤቶቹ እስኪነጋ ክፍት ነበሩ ነው የሳቸው መልስ። ስለ አምፖሉ ምንም አላሉም።

2ኛ። እንባዬ መጣ ብቻ ነው ያለው፣ ሦስት ልብ አብሮ።

3ኛ። ይሄኛው ጋሼን በትሕትና ነው ያረመው። በደርግ ጊዜ ሰዓት እላፊ ስለነበር እስኪነጋ ክፍት ነበር ማለት አይቻልም ባይ ነው። እንደሱ አባባል የሚሆነው የተገላቢጦሽ ነው፣ ሰዓቱ ሲደርስ በሩ ይዘጋል፣ ውስጥ ያለ ሰው ውስጥ ይቀራል፣ መውጣት ስለማይቻል እስኪነጋ ይጠጣል። ስለዚህ በጭር ያለ መንገድ ላይ ከተዘጋ በር ውስጥ ዘፈን ይሰማል። ይሄን ሳነብ ዝም ብዬ ቀረሁ፣ ምክንያቱም ትልቅ ወንድማችን ሲያወራ እኔ ያየሁት መስሎኝ የያዝኩት ነገር ይሄ ነው። እኔ ነፍስ ሳውቅ እኮ ደርግ የለም!

4ኛ። የነዳጅ ማጣሪያው ግቢ ልጅ። ማጣሪያው በሶቪየት እርዳታ ተሠርቶ በ1950ዎቹ መጨረሻ ሥራ እንደጀመረ አስታውሶ፣ የነሱ ማታ ሌላ ማታ እንደነበር ጻፈ። ግቢው የራሱ መኖሪያ አለው፣ የራሱ ክበብ አለው፣ የካምቦ ሱዳንን መንገድ እሱ የሚያውቀው እናቱ እዛ እንዳላይህ ስትል ነው። ከአልጋው ሆኖ የሚያየው የጭስ ማውጫው ጫፍ ላይ የሚነደውን እሳት ነበር። በ1989 ማጣሪያው ተዘጋና እሳቱ ሲጠፋ መንገዱ ላይ ያለ ሰው ልብ ማለቱን ጠየቀ። እኔ ልብ አላልኩም፣ ይቅርታ።

5ኛ። ከአሰብ ስለመጡ ቴፕና ሰልባጅ ብቻ ነው የጻፈችው፣ ደሴ ያደገች ናት፣ አንድ ክፍል ሙሉ ተማሪ በአንድ መርከብ ሸሚዝ ይለብስ ነበር ትላለች። ኬላ ላይ ሬዲዮን ጆንያ እህል ውስጥ ስለመደበቅ የጻፈችውን ግን ዝርዝሩን እዚህ አልደግመውም፣ አባቷ ገና በሕይወት አሉ።

6ኛ። አሜሪካ ያሉ የቀድሞ የባሕር ኃይል አባል። እዚህ ክር ላይ ከመጡት መልሶች የመጀመሪያው ክብደት ያለው ይሄ ነበር። በየካቲት 1982 ምጽዋ ከተያዘች በኋላ አሰብ ብቻዋን ስትቀር ከተማው በወታደርና በመርከበኛ እንደተጨናነቀ፣ የኛ መንገድም ሽርጥ ካገለደመው በላይ ዩኒፎርም የለበሰ እንደበዛበት ነገሩን። ሰው ይጠጣ ነበር ግን አይስቅም አሉ። ግንቦት 1983 ላይ መርከቦቹ ወደ የመን ሲወጡ እሳቸውም አንዱ ላይ ነበሩ። ከዚያ በፊት በነበረው ማታ እዛችው የጥግ ቤት ሁለት ቢራ በዱቤ ጠጥተው ነገ እከፍላለሁ ብለው እንደወጡና እስካሁን እንዳልከፈሉ ጽፈው፣ አምፖሉ ግን አረንጓዴ ሳይሆን ቀይ ነው፣ ወንድምህ ትክክል ነው ብለው ጨረሱ።

7ኛ። ወንድሜ። በደስታ ሰከረ፣ ሌላ ምንም ፍሬ ነገር የለውም።

ከ8 እስከ 13 ነገሩ ወደ ሆድ ሄደ። አንዱ ሜሎቲ ነበር የሚጠጣው ሲል ሌላው ጊዮርጊስ ነው አለ፣ ይሄ አላለቀም አያልቅምም። 10ኛዋ የመኖቹ ዓሣ ቤት ላይ ቆመች፣ ዓሣውን ከጀርባው ሰንጥቀው እንደ መጽሐፍ ከፍተው በርበሬ ቀብተው ጉድጓድ በመሰለው የሸክላ ምድጃ ግድግዳ ላይ እንደሚጠብሱት፣ ከስስ ቂጣ ጋር በጋዜጣ ላይ እንደሚቀርብ። ከሰዓት በርጫ፣ ማታ ደግሞ ጨብሲ እንደነበር 11ኛው አከለ፣ ቡና ቤቱን የሚሞላው ሹፌር ብቻ ሳይሆን ምርቃናውን ሊሰብር የወጣው የወደብ ሠራተኛ ነው ባይ ነው፣ የበረሃ አበሉም በዛው ያልቃል። 12ኛው የአሰብ ጨው ድሮ ከአፍዴራ ይመጣ ነበር ብሎ ሲሳሳት 13ኛው ቶሎ አረመው፣ አሰብ የራሷ የጨው ማምረቻ ነበራት፣ መሃል አገር የሚበላውም በብዛት የሷ ነበር፣ አፍዴራ የገነነው ከ1990ው ጦርነት ወዲህ የአሰቡ ሲቋረጥ ነው። ትክክል ነው። ከአምፖሉ ጋር ምን እንደሚያገናኘው ግን አላውቅም።

14ኛ። እዚህ ላይ ነው ድምፁ የተቀየረው። አንድ ሰው ስለ ኮማሪቶቹ ረጅም ነገር ጻፈ፣ የማን ቆንጆ እንደነበረች፣ ማን ማንን እንዳታለለች፣ ለየትኛዋ ሁለት ሹፌር በሰንሰለት እንደተደባደበ። ቀልዱ ያስቃል፣ ልዋሽ አልችልም፣ እኔም ስቄ ላይክ አድርጌለት ነበር። 15 እና 16 የራሳቸውን ጨመሩበት።

17ኛ። መልሱ የመጣው ዝም ብላ ታነብ ከነበረች አንዲት እህታችን ነው። እናቷ ከነዚያ ቤቶች የአንዱ ባለቤት ነበረች። ቁጣዋን አላለዝበውም፣ መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ እናቶቻችሁ እንዲህ ትጽፋላችሁ ወይ ብላ ነው። ከዛ ነገሩን ከሥሩ አመጣችው። እናቷ የወሎ ሰው ናት፣ በ1977 ድርቅ መንደሯን ለቃ ኮምቦልቻ መንገድ ዳር ስትደርስ፣ ያኔ እህሉን ከአሰብ የሚያወጡት መኪኖች ሲመለሱ ባዷቸውን ነው የሚወርዱት፣ ባንዱ ተሳፈረች። እህል ወደሚመጣበት ልሂድ ነው ያለችው፣ ባሕር ምን እንደሆነ አታውቅም ነበር። አራት ዓመት ለሌላ ሰው ብርጭቆ አጠበች፣ ከዛ ቤቱን ተከራየች።

እኛ ደጅ ወጥቶ የምናየው አልጋ ሁሉ ለነፋስ አይደለም አለችን፣ የነሱ ቤት አልጋዎች የሚከራዩ ናቸው፣ እሷ የምትተኛው ባንኮኒው ሥር የቢራ ሳጥን ላይ ነበር። ያ አምስት ዘፈን በአንዴ የሚሰማበት መንገድ ለሷ የቤት ሥራ መሥሪያ ቦታ ነው። ጠዋት ጠዋት እናቷ ባዶ ጠርሙስ ትቆጥራለች፣ የጎደለ ካለ ከሴቶቹ ደሞዝ አይቆረጥም፣ ከራሷ ነው፣ ሌሎች ቤቶች ግን ይቆርጡ ነበር። የተደባደቡት ሹፌሮች የሰበሩትን ወንበር ማን እንደከፈለ ደግሞ 14ኛውን ጠየቀችው።

18ኛ። 14ኛው ይቅርታ ጠየቀ። በሥርዓት ነው የጠየቀው። 19ኛው ግን ቀልድ የማይገባችሁ ከሆነ ምን ልታደርጉ መጣችሁ ዓይነት ነገር ሲጽፍ 1ኛው ጋሼ ገብተው ልክ አስገቡት፣ ከዛ በኋላ አልተመለሰም። እኔም ላይኬን አንስቻለሁ።

ከ20 እስከ 29 ያለውን ቶሎ ልለፈው። ወደቡ የማን ነው ተጀመረ። የት ይቀራል። አንዱ ሦስት ሺህ ዓመት ሲል ሌላው 1983ን፣ ሌላው ደግሞ የአልጀርሱን ስምምነት ይዞ መጣ፣ ሁለት ሰዎች ፎክረው ሁለት ተሳደቡ፣ ሦስት መልስ የገጹን ተቆጣጣሪዎች ለምኜ አስጠፋሁ። አምፖል ነበር እኮ የጠየቅኩት ጎበዝ! ከመሃል 26ኛው ብቻ ከመንገዱ ጋር የሚገናኝ ነገር ተናገረ፣ እሱ በ1990 መጀመሪያ ላይ እዛው ሱቅ ነበረው። የኤርትራ ገንዘብ ናቅፋ ከወጣ በኋላ ሹፌሩ ብር ይዞ ይመጣል፣ ቤቱ በናቅፋ ይከራያል፣ ስንት በስንት እንደሚመነዘር በየማታው ጭቅጭቅ ነው፣ ንግዱ ደግሞ በኤልሲ (በባንክ ዋስትና በውጭ ምንዛሪ) ይሁን ከተባለ ወዲህ የሚመጣው መኪና ራሱ ቀነሰ። ጦርነቱ ግንቦት ላይ ቢጀመርም መንገዱ መድከም የጀመረው ከዚያ በፊት ነው ይላል። ረድፉ ውስጥ አንዳንድ ቤት መብራቱን ማብራት የተወበትን ጊዜ እኔም አስታውሳለሁ፣ እናቴ አምፖል ተቃጥሎባቸው ይሆናል ያለችኝ መሰለኝ።

30ኛ። ይሄኛው ሰው አፋር ነው፣ አሰብ ሰጊር የሚባለው ሰፈር ተወልዶ አሁን ጅዳ የሚሠራ። አማርኛውን የተማረው እዛው መንገድ ላይ ሲጋራ ሲሸጥ ነው፣ ከብዙዎቻችን ይሻላል። በትሕትና ጀምሮ መጨረሻው ላይ እንደ ምላጭ ሆነ። ከተማውን ሁላችሁም መኪናው ሲመጣ የተወለደ፣ እናንተ ስትወጡ የሞተ አድርጋችሁ ነው የምታወሩት አለን። ጣሊያን ሩባቲኖ በሚባለው የመርከብ ኩባንያ ስም በ1869 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ያንን ባሕር ዳር ሲገዛ የሸጡለት የአፋር ሱልጣኖች ናቸው፣ ዓሣ አጥማጁም ከዚያ በፊት ነበር፣ ከዚያ በኋላም አለ። ኤምሬቶች በ2008 መጥተው የጦር ሰፈር ሠርተው በ2013 ነቅለው ሲሄዱም እዛው ነበር። እህቱ አሁንም አሰብ ሰጊር ነው የምትኖረው፣ አሁንም ሐምሌ ሲገባ አልጋዋን ደጅ ታወጣለች፣ ለትዝታ ሳይሆን ስለሚሞቅ። ወደብ ወደብ ከምትሉ አንድ ቀን እንኳ ሰዎቹ እንዴት ናቸው ብላችሁ ብትጠይቁ ምን ነበረበት ብሎ ዘጋው።

እንደዚህ ሲባል ማንም መልስ አልነበረውም። ለሁለት ቀን ክሩ ዝም አለ።

33ኛ። ዝምታውን የሰበሩት 1ኛው ጋሼ ናቸው። እንዴት ናቸው ሰዎቹ ብለው ጠየቁት፣ በቃ ይሄንኑ። ከዛ የራሳቸውን ጨመሩ። መስከረም 1 ቀን 2011 ቡሬ ላይ መንገዱ ተከፈተ ሲባል በቴሌቪዥን አይተው ያንን ኬላ ስንቴ እንዳለፉት ሲያስቡ እንዳደሩ፣ መኪናቸውን ከሸጡ ስድስት ዓመት ቢሆናቸውም የመንጃ ፈቃዳቸውን ሊያሳድሱ ሄደው ዓይናቸው አላልፍ እንዳለ። ዓይናቸው ቢያልፍም መንገዱ መልሶ መዘጋቱ አልቀረም።

34 እና 35። የአፋሩ ወንድማችን ለጋሼ ብቻ ለስለስ ብሎ መለሰ። እህቱ ደህና ናት፣ ውሃ ያስቸግራል፣ ወጣቱ ይሄዳል፣ ዓሣ አለ። ለአምፖሉ ጉዳይም እህቱን እንደሚጠይቃት ቃል ገባ፣ ጥጉን ያውቀዋል፣ ሲጋራ ይሸጥ የነበረው እዛው በር ላይ ነው።

38ኛ። አሁን ወደ ቁም ነገሩ መጣን። 17ኛዋ እህታችን ተመለሰች። እስካሁን ያልተናገረችው የጥግ ቤቷ የእናቷ መሆኗን ነው! ከመጀመሪያው ጥያቄዬን አንብባ ሰዎቹ ምን እንደሚሉ ልይ ብላ ነው ዝም ያለችው፣ 14ኛው ባይመጣ ዝም ብላም ትቀር ነበር። ቤቷ ጥግ ላይ ስለነበረች ሁለት በር ነበራት፣ አንዱ ወደ መኪና ማቆሚያው ሌላው በስተጎን ወዳለው መንገድ የሚወጣ። አንዱ ላይ አረንጓዴ አንዱ ላይ ቀይ መብራት ነበር። አንድ መርከበኛ ሒሳብ አጥሮት በገንዘብ ፋንታ የሰጣት ነው አለች።

39ኛ። 6ኛው የባሕር ኃይል ጋሼ ወዲያው ያዙት። መርከብ ሌሊት ሲሄድ በቀኝ ጎኑ አረንጓዴ በግራው ቀይ መብራት ያበራል፣ ስለዚህ ሰውየው የሰጣት የመርከብ የጎን መብራት ነው። እህታችንን በሮቹ ላይ እንዴት ተሰቅሎ እንደነበር ጠይቀው ግን፣ ከውስጥ ወደ ውጭ ሲታይ አረንጓዴው በግራ በኩል ሆኖ ስላገኙት እንደ መርከብ ከሆነ ቤቷ ወደ ኋላ ነበር የምትሄደው ብለው ቀለዱ። እህታችን ሳቀች መሰለኝ፣ የሳቅ ምልክት አድርጋለች።

40ኛው ደግሞ ይሄ ሊሆን አይችልም፣ የመርከብ መብራት ባለቀለም መስታወት እንጂ ባለቀለም አምፖል አይደለም ብሎ ተከራከረ። እህታችን እኔ መስታወት አላልኩም አምፖልም አላልኩም፣ መብራት ነው ያልኩት፣ በየቅዳሜው በጨርቅ የምወለውለው እኔ ነበርኩ አለችው። አለቀ።

ስለዚህ እኔ በመኪና ማቆሚያው በኩል ነበር የማልፈው፣ ወንድሜ በጎኑ መንገድ። ዳቦ ቤቱ ከኔ በር ፊት ለፊት ከሆነ ከሱ በር ጋር ባንድ ወገን ይሆናል ማለት ነው። ወንድሜ ይሄን ካነበበ በኋላ ደውሎልኝ ስለ ልጆቹ ትምህርት ቤት አወራልኝ፣ ስለዚህ ግን ምንም አላነሳም።

47ኛ። የአፋሩ ወንድማችን እህቱ ሄዳ አይታለት ጻፈ። ግድግዳው አለ። የመኪና ማቆሚያው በኩል ያለው በር በድንጋይ ተደፍኗል፣ የጎኑ ይከፈታል፣ ሰው ይኖርበታል። መብራት የለውም፣ ከበሩ በላይ ግን ሁለት የዛገ ሚስማር አለ። ፎቶ ለምን አላነሳችም ብሎ የጠየቀውን 48ኛውን ሰው ሁላችንም ዝም አልነው።

51ኛ። የባሕር ኃይሉ ጋሼ እናትየው በሕይወት መኖራቸውን ጠየቁ። አሉ፣ ደሴ ናቸው፣ ልጃቸው ጋ። እንግዲያው የሁለት ቢራውን ዕዳ ከነወለዱ መላክ እንደሚፈልጉ፣ ያኔ ስንት እንደነበር ግን እንደጠፋቸው ጽፈው በውስጥ መስመር አድራሻ ለመኑ።

53ኛ። እህታችን እናቷን ጠይቃ ተመለሰች። አስታውሰዋቸዋል፣ ቀጭኑ ልጅ፣ ግንባሩ ላይ ጠባሳ ያለው። ሁለት አይደለም አራት ቢራ ነው፣ አንድ ብርጭቆም ሰብሯል ብለዋል።